ሰባት ሳምንት የቆየ ሂውማን ሄር ሲፈታ በክረምት እንዴት ይታጠባል? በምንስ ይደርቃል?

የፓፒረስ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም እህቶች፣ ከባሕር ዳር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የሚፈታ ሂውማን ሄር (ሹሩባ ላይ የሚሰፋ የሰው ፀጉር) አለኝ። ሦስት ጥቅል ነው፣ እያንዳንዱ 100 ግራም፣ 18 ኢንች፣ ቀለም ያልገባው፣ ሞገድ ያለው፤ ከፊት ክሎዠር (ፀጉሩ መረብ ላይ የተቋጠረ መዝጊያ ቁራጭ) አለው። ከተሰፋ ሰባት ሳምንቱ። ለእንቁጣጣሽ መልሼ ላሰፋው ስላሰብኩ ጊዜው አጭር ነው።

ማጅራት ላይ ተያይዟል፣ ጠረኑም ተለውጧል። አንዷ «በኦሞ ዘፍዝፊው» ትላለች፣ ሌላዋ «ውሃ እንዳታስነኪው፣ በዘይት ብቻ አብጥሪው» ትላለች። የቧንቧው ውሃ ሰሞኑን ደፍረስ ይላል። ጣና ዳር ወርዶ ማጠብስ ምን ችግር አለው? ደግሞስ ይኼ ሁሉ ዝናብ እያለ በምን ይደርቃል? የምታውቁ በመጠኑ ጭምር ንገሩኝ፤ «ትንሽ ሻምፖ፣ ትንሽ ኮንዲሽነር» የሚለው አልጠቀመኝም።

ክርና መርፌ፦

እህቴ፣ ሂውማን ሄር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሳፋው ውስጥ አይደለም፣ ሲፈታ ነው። ስለዚህ ከመቀሱ እንጀምር።

ጭንቅላትሽ ላይ እንዳለ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ላይ ይበጠር። መጀመሪያ የታችኛው አንድ ስንዝር፣ እሱ ሲፈታ ሌላ ስንዝር ወደ ላይ። ተያይዞ ሳለ ከተፈታ ሦስቱ ጥቅል አንድ ላይ ይቋጠርና መለየቱ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ፍቺው የሚጀመረው ከማጅራት፣ ከታችኛው መስመር ነው። የላዩን ሰብስበሽ እሰሪው። ፀጉሩ በማሽን የተሰፋበትን ቀጭን ጠርዝ በጣት ከሹሩባው ትንሽ ከፍ ስታደርጊው፣ ጠርዙንና ሹሩባውን አቅፎ የሚዞረው ክር ይታያል። የሚቆረጠው እሱ ብቻ ነው። ክሩ ጥቁር፣ ሹሩባው ጥቁር፣ ጠርዙ ጥቁር ስለሆነ በመብራት ጭላንጭል የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ መስኮት አጠገብ ወይም የስልክ ባትሪ ተበርቶ ነው። ትንሽ ሹል መቀስ ወይም ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ክር መፍቻ ይበቃል። የመቀሱ ሹል ጫፍ ወደ ውጭ ይዙር፣ ወደ ራስ ቆዳ አይዙር። ማጅራትሽን ራስሽ ስለማታይው ሰው ያስፈልግሻል።

ሁለትና ሦስት ክር ተቆርጦ ቀሪውን «በቃ ይመጣል» ብሎ መጎተት የተለመደ ጥፋት ነው። ሲጎተት ጠርዙ ይለጠጣል፣ የማሽኑ ስፌት አንድ ቦታ ከተበጠሰ በኋላ ፀጉሩ በታጠበ ቁጥር እየረገፈ ይሄዳል። የራስሽም ፀጉር ከሥሩ አብሮ ይወጣል። ጠርዙ በስህተት ከተቆረጠ ደግሞ እዚያው ላይ በጥሩ መርፌና ክር ሦስት አራት ጊዜ ተዙሮ ይሰፋ፤ ሳይታጠብ በፊት።

ከተፈታ በኋላ ጠርዙ ላይ የቀሩትን የክር ቁርጥራጮች በወረንጦ ልቀሚያቸው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ውሃ ሲነካቸው ፀጉር ይሰበስቡና የትንሿ ቋጠሮ እናት ይሆናሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጥቅል ለብቻው አድርገሽ ጠርዙን እጥፍጥፍ አድርገሽ አንድ ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪው። ሦስቱን አንድ ላይ እንዳታጥቢ።

ሳፋ ላይ፦

ከላይ ያለችው እህት ፍቺውን ጨርሳዋለች፣ እኔ ውሃው ላይ ልግባ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚያያዝ ይታወቅ። የሰው ፀጉር ላዩ ቅርፊት አለው፣ ልክ እንደ ቀረሶ ዓሣ። ቀረሶን ከራሱ ወደ ጭራው ብትዳብሺው ለስላሳ ነው፣ ከጭራው ወደ ራሱ ግን ይቧጥጣል። ጥሩ የሚባለው ሂውማን ሄር የሁሉም ቅርፊት አቅጣጫ አንድ ነው፣ ከሥር ወደ ጫፍ። ሥሩና ጫፉ ተደባልቆ የተሰፋ ከሆነ ቅርፊቶቹ ፊት ለፊት ይጠላለፋሉ። እንዲህ ያለውን አምራቾች ቅርፊቱን በአሲድ አንስተው በሲሊኮን ይሸፍኑታል። ስለዚህ ሲገዛ ሐር ይመስልና ሲሊኮኑ ከጥቂት እጥበት በኋላ ሲሄድ መያያዝ ይጀምራል። የአጣጠብ ጥፋት ያልሆነውን የአጣጠብ ጥፋት አድርገን የምንወቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው።

ማሸትም፣ ማፍተግም፣ አናት ላይ መከመርም ቅርፊቱን ይገለብጣል። ሳሙናና ኦሞም እንደዚሁ። ፀጉር የሚስማማው በትንሹ አሲድነት ላለው ነገር ነው፣ በአሲድነት መለኪያው፣ በፒኤች፣ ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ። የገላና የልብስ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል፤ ቅርፊቱ ይከፈታል፣ ፀጉሩ ሻካራ ይሆናል፣ እርስ በርሱም ይያዛል። ኦሞ የጥጥ ልብስ ላይ የወጥ ቅባት እንዲያስለቅቅ የተሠራ ነው። ከተነቀለ በኋላ ከሥሩ ቅባት የማያገኝ ፀጉር ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት ነው።

ውሃ፦ ለሦስቱ ጥቅልና ለክሎዠሩ የሚበቃው በጀሪካን አስቀድሞ ይቀዳ። የደፈረሰ ከሆነ ማታ ይቀመጥና ጠዋት ከላይ ከላዩ በንጹሕ ነጠላ አጥልለሽ ቅጂው። አተላው ከታች ይቅር። ጣናን ግን ተዪው። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈሩን ተሸክመው ነው የሚገቡበት፤ ያ ደቃቅ ጭቃ ቅርፊቱ ሥር ከገባ ለማውጣት ሦስት ጊዜ ማጠብ ነው። ዳሩ ላይ ቆሞ ለሚያጥበው ሰው ደግሞ ብልሃርዚያ አለ። ለፀጉርም ለሰውም አይሆንም።

አጣጠቡ እንዲህ ነው። ለአንድ ጥቅል 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ሕፃን የሚታጠብበት ያህል ሙቀት ያለው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሻምፖ ውሃው ውስጥ አስቀድሞ ይበጥበጥ፣ በቀጥታ ፀጉሩ ላይ አይፍሰስ። የመጀመሪያው እጥበት ቅባት አስለቃቂ ሻምፖ ይሁን፣ ሰባት ሳምንት የተጠራቀመ ዘይትና ጄል አለና። ሁለተኛው ሰልፌት (ኃይለኛው አረፋ አውጪ) የሌለው። ጥቅሉን ጠርዙ ወደ ላይ ሆኖ በአንድ እጅ ይዘሽ፣ በሌላው እጅ ከላይ ወደ ታች ብቻ ታወርጂዋለሽ፣ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ። ጠርዙን በጣት ጫፍ ጫን ጫን፤ ጠረኑ ያለው እዚያ ነው፤ ላብ፣ ቅባትና ፎረፎር የሚቀመጠው ስፌቱ ውስጥ ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ አትዘፍዝፊ፣ ጠርዙን የያዘው ክርና ሙጫ ካበጠ ይለቃል።

ሻምፖው ፈጽሞ እስኪወጣ አለቅልቂ። ውሃው ጥርት ካላለ አልወጣም። ከዚያ ኮንዲሽነር፣ ለ100 ግራም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከመካከሉ እስከ ጫፉ ብቻ። ጠርዙ ላይ አይነካ፣ ቋጠሮው ይንሸራተትና ፀጉሩ ከስፌቱ ይለቃል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ እላዩ ላይ እንዳለ ጥርሱ ሰፊ በሆነው ማበጠሪያ ከጫፍ ይበጠር፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረሽ ከላይ ወደ ታች አፍስሺበት። የቀረውን የሻምፖና የውሃ ቅሪት ያነሳል፣ ቅርፊቱንም ይዘጋዋል። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

ክሎዠሩን ለብቻው። መረቡ ላይ ያለው ቋጠሮ በእጅ የተቋጠረ ስለሆነ ማሸት ፈጽሞ አይቻልም፣ መዳፍ ላይ ዘርግቶ መታ መታ ብቻ። በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ሙጫው አስቀድሞ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይለስልስና ይነሳ፣ በጥፍር እንዳይፋቅ።

ሽንኩርት ተራ፦

አቼቶ ላይ እስማማለሁ፣ ግን «ካልተገኘ ሎሚ» የሚሉ ስላሉ ላስጠንቅቅ። ሎሚ ያንኑ ሥራ አይሠራም። ጭማቂው ከአቼቶ ይበልጥ ኃይለኛ ነው፣ ሥጋው ጠርዙ ውስጥ ይቀራል፣ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ቀለም ያነሳል። አቼቶውም ከልክ አይለፍ። «ብዙ ቢሆን ይበልጥ ያበራል» የሚባለው ውሸት ነው።

የልብስ ማለስለሻም እንዲሁ። ሰው ሠራሽ ፀጉር ላይ ይሠራል፣ አንድ ክዳን በሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ። ሂውማን ላይ ግን ሽፋን ይተውና ሁለተኛው ቀን ይከብዳል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ዘንዘልማ፦

ማድረቁን ልመልስ፣ በዚህ ወር ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ፀጉር ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል ውሃ ወደ ውስጡ ይጠጣል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጠርዙ ደግሞ ክርና ጥቅጥቅ ስፌት ስለሆነ ከፀጉሩ ዘግይቶ ነው የሚደርቅ። በጥር ከሰዓት በኋላ የሚያልቀው ሥራ፣ በነሐሴ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት፣ ሲብስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጠርዙ ሳይደርቅ የተቀመጠ ሂውማን ሄር ይሻግታል፤ ያን ጠረን የገዛሽው ሽቶ ሁሉ አይሸፍነውም።

አታጣምሚው። ወፍራም ፎጣ ላይ ዘርግተሽ፣ ሌላ ፎጣ ደርበሽ፣ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጊበት። ፎጣው ሲርስ ሌላ። ከዚያ ጠርዙን ለሁለት አጥፈሽ በልብስ መስቀያ ላይ በመቆንጠጫ ያዢው፤ ፀጉሩ ወደ ታች ይንጠልጠል። ሦስቱ እንዳይነካኩ። ክሎዠሩን ግልብጥ ባለ ጎድጓዳ ሳሕን ላይ ደፍተሽ አድርቂው፣ ቅርጹን አይለቅም።

ቤት ውስጥ፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል፣ ቬንቲሌተር ካለ ከሁለት ሜትር ርቀት። ማድ ቤት አይሆንም። ፀሐይ ብትወጣም ፊት ለፊት አታስጪው፤ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ዝናብ አቁሞ ብልጭ የምትለዋ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፣ ጥቁሩን ወደ ቡኒ ታዞረዋለች። ከሰል ማንደጃ አጠገብ የሚሰቅሉም አሉ። ጢሱ ይገባበታል፣ ፍንጣሪ ካገኘው ደግሞ የሚያተርፍ የለም።

መብራት ካለና ከቸኮልሽ ፎን (ፀጉር ማድረቂያ) ይቻላል፣ ግን ቀዝቃዛው ወይም መካከለኛው ላይ፣ ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ ነፋሱ ከጠርዙ ወደ ጫፍ እየነፈሰ። ጠርዙን ቀድመሽ ፀጉሩን አስከትዪ።

መድረቁን ለማወቅ ጠርዙን በደረቅ ሶፍት አጥፈሽ አንድ ደቂቃ ጨብጪው። ሶፍቱ ላይ የርጥበት ምልክት ካለ አልደረቀም። እሱ ሳይጣራ ፔስትራ (የፀጉር መተኮሻ) የሚባል ነገር አይነካው። እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ውሃ ተኖ ፀጉሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል፤ የሚሰማሽ የ«ጭስስ» ድምፅ እሱ ነው። በደረቁም ከ180 ዲግሪ በላይ አትውጪ፣ ሞገዱን ለመመለስ 160 ይበቃል። ቢጎዲን ካለ ደግሞ እሳትም አያስፈልግ፣ ትንሽ እርጥበት እያለው ጠቅልሎ ማሳደር ነው።

የፓፒረስ ልጅ (ጠያቂ)፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቶች። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ሂውማን መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ? ስገዛ የተነገረኝን ነው የማውቀው። ሁለተኛ፣ እናቴ «ለጋ ቅቤ ቀቢበትና ይለሰልሳል» ትላለች፤ እምቢ ማለት ከብዶኛል። ሦስተኛ፣ ማጅራት ላይ የተያያዘው እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል፣ ማበጠሪያ አይገባበትም።

ሽንኩርት ተራ፦

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ከጠርዙ ሦስት አራት ፍሬ መዘዝ አድርገሽ፣ በወረንጦ ይዘሽ፣ የብረት ሳሕን ላይ ክብሪት አስነኪው። የሰው ከሆነ ተኮማትሮ ይነድና በጣት ሲነካ የሚፈርስ አመድ ይሆናል፤ ሽታው የተቃጠለ ላባ ነው። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጣል፣ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል፣ ሽታው ፕላስቲክ። የተደባለቀም ስላለ ከሦስቱም ጥቅል ከየቦታው መዘዝ አድርጊ። ሰው ሠራሽ ሆኖ ከተገኘ ከላይ የተነገረሽ ለብ ያለ ውሃና ፔስትራ ይቅር፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ እሳትም እሽጉ ላይ «ሙቀት ይችላል» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር አይቀርበው።

ሹሩባ ቤት፦

የቅቤው ነገር፣ እናትሽ አልተሳሳቱም፣ ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው። ለጋ ቅቤ የሚሆነው ከራስ ላይ ለሚበቅል ፀጉርና ለራስ ቆዳ ነው። ሂውማን ሄር ላይ ሲገባ ግን ጠርዙ ውስጥ ይረጋል፣ ባሕር ዳር ቀን ቀን ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይበሰብሳል። ፈሳሹ ዘይትም ቢሆን ለ100 ግራም ከአምስት ጠብታ አይበልጥ፤ መዳፍ ላይ ታሽቶ፣ ጫፍ ላይ ብቻ። ስለዚህ ቅቤውን ተቀብለሽ ለራስሽ ፀጉር ተቀቢው፣ እናትሽም ደስ ይበላቸው።

ስለራስሽ ፀጉር ማንም ስላላነሳው እኔ ልጨምር። ሂውማኑ እንደወጣ ሹሩባው ሲፈታ የሚረግፈውን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፍሬ ፀጉር ይረግፍበታል። ሰባት ሳምንት 49 ቀን ነው፤ ሹሩባ ውስጥ ተይዞ የቆየው ከ2,450 እስከ 4,900 ፍሬ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እፍኝ ይሞላል። የረገፈውን አንሥተሽ እዪው፦ ረጅም ሆኖ ሥሩ ላይ ነጭ ነቁጥ ካለው ጊዜው ደርሶ የወደቀ ነው። አጭር ሆኖ ነቁጥ ከሌለው ተሰብሯል፣ ማለትም ሹሩባው ጠብቆ ነበር ወይም ስትፈቺ ጎትተሻል።

ትልቁ ስህተት ሹሩባው እንደተፈታ ቀጥታ ውሃ ውስጥ መግባት ነው። የረገፈው ፀጉር ከሥር ከተያያዘው ጋር ሲርስ እንደ ሱፍ ይጠብቃል። መጀመሪያ ደረቁን፣ ቅቤ ወይም ኮንዲሽነር ጣት ላይ አድርገሽ፣ ሹሩባ በሹሩባ ሥሩ ላይ ያለውን ቆሻሻ በጣት ለያዪው፣ ከጫፍ አብጥሪ፣ የረገፈው ሁሉ ይውጣ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሻምፖ፤ ቅቤ ከተቀባሽ ሦስት። የጎንና የግንባር ዳር ፀጉርሽን በመስታወት እዪው። ሳስቶ ከሆነ፣ ወይም ትናንሽ እብጠት ካለ፣ ለእንቁጣጣሽ መልሶ መስፋቱ ይቅርብሽ፤ ሥሩ በመጎተት ሲሳሳ ቶሎ ከታረፈ ይመለሳል፣ ዓመት ከተጎተተ ላይመለስ ይችላል። መግል ካለው ሐኪም ጋ ነው። ምንም ከሌለው እንኳ አንድ ሁለት ሳምንት ማረፉ ጥሩ ነው። ስትሰፊ ደግሞ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም «የጥሩ ስፌት ምልክት» አይደለም፣ ይፈታ።

ክርና መርፌ፦

ብርድ ልብስ ሆነ ላልሽው። ማጅራት ላይ የሚያያዘው ከአንገት ላብና ከልብስ ኮሌታ ጋር ስለሚፋተግ ነው፣ በክረምት ሹራብና ፎጣ ስለሚጠመጠም ይብሳል። ውሃ አታስነኪው። ደረቁ ላይ ኮንዲሽነር በደንብ አጥግቢው፣ ወይም ሲሊኮን ያለበት የፀጉር ሴረም አሥር ጠብታ ያህል፤ 20 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በማበጠሪያ ሳይሆን በጣት፣ ቋጠሮውን ከዳር ከዳር እየለያየሽ አሳንሺው። በሌላኛው እጅ ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር ጥብቅ አድርገሽ ያዢ፣ ጉተታው ጠርዙ ላይ እንዳይደርስ። ጠፍር ሆኖ እምቢ ካለ መቀሱን ወደ ታች፣ በፀጉሩ ርዝመት አቅጣጫ፣ ቋጠሮው መካከል አንድ ጊዜ ሰንጥቂው። አግድም እንዳይቆረጥ። ሲሰነጠቅ ጥቂት ፍሬ ይሄዳል፣ አግድም ከተቆረጠ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቁመቱ አጥሮ ይቀራል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ ታጥቦ ደርቆ፣ በሁለተኛው ቀን እንደገና ከተያያዘ ያች ከላይ የተባለችው የተደባለቀ ቅርፊት ናት። እሱ ጥቅል ለማጅራት አይሰፋ፣ ወደ መካከል ይግባ፣ ማጅራት ላይ የተሻለውን ስፊበት።

ዘንዘልማ፦

ማስቀመጡን ረስቼው። በፌስታል አይታሠር። የጥጥ ትራስ ልብስ ወይም ወረቀት ውስጥ፣ ጫማ ስትገዢ ከሳጥኑ የሚወጣውን ርጥበት መጣጭ ጠጠር ሁለት ፍሬ ጨምረሽ። ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል አርቂው።

ቀኑንም ቁጠሪ። ነሐሴ 25 ከተፈታ፣ 26 ታጥቦ፣ 28 ላይ ደርቆ ያልቃል። ጳጉሜን 4 ወይም 5 ብታሰፊው ይሻላል። የሩፋኤል ዝናብ ጳጉሜን 3 ነው፤ ዝናቡ ውስጥ መግባትሽ ካልቀረ፣ ሳይሰፋ ይሁን። አዲስ የተሰፋ ጠርዝ ከነሹሩባው ሲርስ ከሥር ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ ለእንቁጣጣሽ እርጥብ ራስ ይዘሽ ነው የምትውዪ።